ለስፖርት ካም የሚስማማ የቫልቭ ሞላ እንዴት ይመረጣል? የደሴና የኮምቦልቻን መንገድ ለሚያውቁ

ካም ሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች በጉብታዎቹ እየገፋ የሚከፍተው ዘንግ) ተቀይሮ የቫልቭ ሞላው የድሮው ከሆነ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነው። እዚህ ደሴ ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦ ዘመድ ከዱባይ ሲመጣ ካሙን ይዞ ይመጣል፣ ሞተሩ ይከፈታል፣ ካሙ ይገባል፣ ስለ ሞላው የሚጠየቀው መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው። ሲጠየቅም መልሱ አንድ ነው፤ «ጠንከር ያለ ፈልግበት»። ይቺ ምክር ብዙ ካም በልታለች። ሞላ በጥንካሬው ብቻ አይመረጥም። የሚመረጠው በካሙ ወረቀትና በራሳችሁ ቴስታታ (ቫልቮቹ የሚቀመጡበት የሞተሩ አናት) ልክ ነው፤ ሁለቱን ካላገናኛችሁ ውድ የተባለው ሞላም ሞተር ያበላሻል።

መጀመሪያ ሞላው ምን እንደሚሠራ እንስማማ። ካሙ ቫልቩን ገፍቶ ይከፍታል እንጂ አይዘጋውም። የሚዘጋው ሞላው ነው። የካሙ ጉብታ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር፣ ቫልቩና አብረውት ያሉት ዕቃዎች በያዙት ፍጥነት ወደፊት መቀጠል ይፈልጋሉ፤ ሞላው ነው ከጉብታው ሳይለቁ እንዲመለሱ የሚያስገድዳቸው። አቅም ሲያንሰው ቫልቩ ከካሙ ጋር ይለያያል። ያኔ ሞተሩ ከተወሰነ ዙር (በደቂቃ ከሚዞረው ብዛት) በላይ መሳብ ያቆማል፣ ማርሚታው ይተኩሳል፣ ቫልቩም መቀመጫው ላይ በሥርዓት ከማረፍ ይልቅ እየወደቀ ይነጥራል። ከባሰ ደግሞ ፒስቶኑ ይመታዋል፣ ይጣመማል። ይህ ጫና ከዙሩ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ዙሩ ከ6,000 ወደ 7,200 ሲወጣ፣ ማለትም 20 በመቶ ሲጨምር፣ ሞላው የሚሸከመው ጫና 44 በመቶ ይጨምራል።

የእኛ መንገድ እዚህ ላይ የራሱ ነገር አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ካም የመቀየር ፍላጎቱ ይገባኛል። ግን ስስ አየር ቫልቩን አያቀልለውም። 7,000 ዙር ደሴም ሆነ ጅቡቲ ያው 7,000 ዙር ነው፤ ለሞላው ልዩነት የለውም።

ከዚያ ደግሞ ቁልቁለቱ አለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ በሐረጎ ጥምዝምዝ ላይ ፍሬን እንዳይግል በማርሽ መያዝ ትክክል ነው፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ነገር ግን በ3ኛ ማርሽ 4,800 ዙር ላይ ሆናችሁ ድንገት 2ኛ ብታስገቡ፣ የ3ኛው ሬሾ 1.3 የ2ኛው 1.9 ቢሆን፣ ፍሪሲዮኑን ስትለቁት ሞተሩ 7,000 ይገባል፤ ነዳጅ ሳትሰጡት። የዙር ገደብ አለኝ ብላችሁ አትተማመኑ። እሱ የሚያቋርጠው ነዳጁን ወይም የካንዴላውን እሳት ነው፤ ጎማው ሞተሩን እንዳያዞረው መከልከል አይችልም። ስለዚህ ለዚህ መንገድ ሞላ ስንመርጥ ልንደርስበት ከምናስበው ከፍተኛ ዙር በላይ ቢያንስ 500 ያህል ትርፍ እንዲኖረው እመክራለሁ። ሌላ አገር ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ያለ ትርፍ ሊኖር ይችላል፣ እኛ ግን አንችልም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ካሙ ራሱ አንድ ነገር ልበል። ቫልቩን በጣም ረጅም ጊዜ ክፍት የሚያቆይ ካም የአየር ማስገቢያውን ዘግይቶ ስለሚዘጋ በዝቅተኛ ዙር የተሳበው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ቀድሞውኑ ስስ የሆነ አየር ላይ ይህ ሲጨመር ከኮምቦልቻ ሰው ጭኖ መውጣት ፈተና ይሆናል። መጠነኛ ካም ምረጡ። የሞላው ጣጣም በዚያው ልክ ይቀላል።

የካሙን ወረቀት ማንበብ

ከካሙ ጋር የሚመጣውን ወረቀት አትጣሉት። ወረቀት የሌለው ካም ከሆነ የሻጩን የዕቃ ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን መረጃ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁ አትግዙት። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ቫልቩ የሚከፈትበት ከፍታ፣ ቫልቩ ዝግ ሲሆን ሞላው ሊኖረው የሚገባ ኃይል፣ ሙሉ ሲከፈት ሊኖረው የሚገባ ኃይል፣ እና ካሙ የተሠራለት የዙር ክልል።

ብዙዎቹ ወረቀቶች በኢንችና በፓውንድ ናቸው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ነው፣ 1 ኪሎ ደግሞ 2.2 ፓውንድ። በኒውተን ከተጻፈ ለ9.8 ስታካፍሉ ኪሎ ይሆናል። አንድ ወረቀት ለምሳሌ ከፍታ 0.375 ኢንች፣ ዝግ ኃይል 60 ፓውንድ፣ ክፍት ኃይል 150 ፓውንድ ይላል እንበል። በእኛ አቆጣጠር 9.5 ሚሊ፣ 27 ኪሎና 68 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻ እንሂድ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ከፍታ የጉብታው ይሁን የቫልቩ ለዩ። ካሙ ቫልቩን በቀጥታ በፑንቴሪያ (ከጉብታው ሥር ሆኖ ግፊቱን በሚያስተላልፈው ዕቃ) የሚገፋ ከሆነ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ በመካከላቸው የሚተወው የቫልቭ ክፍተት ብቻ ይቀነሳል። በመካከል ሮከር (እንደ ሚዛን ክንድ የሚገፋ ብረት) ካለ ግን በሮከሩ ሬሾ ይባዛል፤ 6.35 ሚሊ ጉብታ በ1.5 ሬሾ ሮከር ቫልቩን 9.5 ሚሊ ይከፍተዋል። ይቺን ያልለየ ሰው ቀጣዩ ስሌት ሁሉ ይበላሽበታል።

የራሳችሁን ቴስታታ መለካት

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጨነቅለት እዚህ ላይ ነው።

እዚህ የምንሠራባቸው ቴስታታዎች አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው። የቫልቩ መቀመጫ በየጊዜው ሲላግ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ በዚያው ልክ ግንዱ ወደ ላይ ይወጣል። ሞላው የሚቀመጥበት ቦታ ይረዝማል ማለት ነው። የረዘመ ቦታ ደግሞ ሞላውን ያላላዋል። ፋብሪካው 34 ሚሊ ያለው ቦታ እናንተ ጋ 34.6 ሊሆን ይችላል፣ በአንዱ ቫልቭ ብቻ። ስለዚህ ሁሉም ቫልቭ አንድ በአንድ ይለካል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቫልቩን ያለ ሞላ በቦታው አስገቡ፣ ሞላውን ከላይ የሚይዘውን ቆብና ሁለቱን ትናንሽ መቆለፊያዎች ግጠሙ፣ ቆቡን ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ እንዲያርፍ አድርጉ። ከዚያ በካሊፐር ከታች ሞላው ከሚያርፍበት ቦታ እስከ ቆቡ የታችኛው ፊት ድረስ ለኩ። ይህ የተገጠመ ቁመት ነው። የምትለኩት አዲሱን ሞላ በምትገጥሙበት ቆብ ይሁን፤ አዲስ ቆብ ገዝታችሁ በድሮው ብትለኩ ልኩ ዋጋ የለውም። ውጤቱን በቫልቭ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በቃል አይያዝም።

እግረ መንገዳችሁን ከቆቡ ሥር እስከ ቫልቭ ሲሉ (በግንዱ ላይ ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው ጎማ) ጫፍ ያለውንም ርቀት ለኩ። ቫልቩ ሙሉ ሲከፈት ቆቡ ወደ ሲሉ ይወርዳል። ከርቀቱ ላይ ከፍታውን ስትቀንሱ ቢያንስ 1.5 ሚሊ መትረፍ አለበት። ካልተረፈ ቆቡ ሲሉን እየቀጠቀጠ ይሰብረዋል፣ መኪናው ሰማያዊ ማጨስ ይጀምራል፣ ሰውም ፒስቶን ሪንግ ነው ብሎ ሞተር ያስወርዳል። ቦታ ካነሰ ቁመቱ አጠር ያለ ሲል ይፈለጋል፣ ወይም የቫልቩ መምሪያ ጫፍ በቶርኖ ቤት ይቀነሳል።

ስሌቱ

ከባድ አይደለም፤ በስልክ ካልኩሌተር ያልቃል።

ከክፍት ኃይሉ ዝግ ኃይሉን ቀንሱ፣ ለከፍታው አካፍሉ። 68 ሲቀነስ 27፣ 41 ነው። 41 ለ9.5 ሲካፈል 4.3። የምትፈልጉት ሞላ በየሚሊሜትሩ 4.3 ኪሎ የሚጨምር ነው። ስለዚህ ሻጩን «ጠንካራ አለህ ወይ» አትሉትም፤ «34 ሚሊ ላይ 27 ኪሎ፣ በሚሊ 4.3» ትሉታላችሁ።

ቀጥሎ ሞላው ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ሽቦው ሽቦ ላይ ሲያርፍ ያለውን ቁመት እዩ። ይህ የድፍን ቁመቱ ነው። የእኛ ምሳሌ ሞላ 22.5 ሚሊ ቢሆን፣ 34 ሲቀነስ 9.5፣ 24.5 ነው፤ ከድፍኑ በላይ 2 ሚሊ ይተርፋል። ጥሩ ነው። በዚያው ሞላ 10.8 ሚሊ የሚከፍት ካም ብታስገቡ ግን የሚተርፈው 0.7 ሚሊ ብቻ ነው። አይሆንም። ቢያንስ 1.5 ሚሊ ይትረፍ። ድፍን የሆነ ሞላ ብረት ማለት ነው፤ ካሙ መግፋቱን ስለማያቆም ሮከር ይሰበራል፣ ጉብታ ይላጣል። በጣም ብዙ መትረፉም ጥሩ አይደለም፣ መሀሉ ላይ ያለው ሽቦ በከፍተኛ ዙር እየተንቀጠቀጠ ሞላው ራሱን ይሰብራል።

አሁን የለካችሁትን አምጡ። አንዱ ቫልቭ 34.6 ከሆነ ሞላው ዝግ ላይ 24.4 ኪሎ፣ ክፍት ላይ ወደ 65 ኪሎ ይወርዳል። ከሥሩ የ0.6 ሚሊ ሺም (ከሞላው ሥር የሚገባ ስስ የብረት ቀለበት) ስታደርጉለት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሺሙ ለሞላ የተሠራ ጠንካራ ብረት ይሁን፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ሮንዴላ በጥቂት ጊዜ ይፈጫል፣ ብናኙም ዘይት ውስጥ ይገባል። ቁመቱ 33.5 ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ዝግ ኃይሉ 29 ኪሎ ይሆናል፣ የሚተርፈውም 1.5 ሚሊ ጠርዝ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ሺም የሚባል ነገር አይታሰብም። የሁሉም ቫልቮች ቁመት እርስ በርሱ ከግማሽ ሚሊ ባነሰ ልዩነት ውስጥ እስኪሆን ድረስ አስተካክሉ።

ቱርቦ ያለው ሞተር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሂሳብ አለ። የተጨመቀው አየር የማስገቢያ ቫልቩን ከጀርባው ይገፋዋል። 35 ሚሊ ስፋት ያለው ቫልቭ በ1 ባር ግፊት 10 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ ይህ ከዝግ ኃይሉ ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ያንኑ ያህል ጨምራችሁ ምረጡ።

«ጠንከር ያለ» ለምን አይሠራም

በዝቅተኛ ዙር የጉብታው ጫፍ የሚሸከመው የሞላውን ኃይል በሙሉ ነው። ዙሩ ሲጨምር የቫልቩ ሩጫ ከዚያ ላይ ጥቂቱን ያቀልለታል። ማለትም ካሙ የሚበላው ስትሮጡ ብቻ አይደለም፤ ፒያሳ ላይ ባጃጁና ሚኒባሱ ተዘጋግቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) ቆማችሁ ስትጠብቁም ነው። ደሴ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ዘይቱ ወፍሮ ገና ወደ ቴስታታው ሳይደርስ ያ ሁሉ ኃይል ጉብታው ላይ ያርፋል። ሃይድሮሊክ ፑንቴሪያ ያለው ሞተር ላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ሞላ ፑንቴሪያውን ጨምቆ ዘይቱን ያስወጣዋል፣ ቫልቩ የሚገባውን ያህል አይከፈትም፤ ለጉልበት ብላችሁ ያወጣችሁት ገንዘብ ጉልበት ይቀንሳል። ወረቀቱ ካለው 10 በመቶ ያህል ከፍ ማለት ለትርፉ ይበቃል። እጥፍ ማድረግ ጥፋት ነው።

በአይነት ደረጃ ሦስት ታገኛላችሁ። ነጠላው ለመጠነኛ ካም ይበቃል። ድርቡ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባው፣ ኃይሉም ከፍ ያለ ነው፣ ውጪኛው ቢሰበር ውስጠኛው ቫልቩን ይዞ ከመውደቅ ያተርፈዋል፤ ለረጅም ቁልቁለት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሦስተኛው ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄደው ነው። ቆቡ ትንሽና ቀላል ስለሆነ ባነሰ ኃይል ከፍ ያለ ዙር ይይዛል፣ መንቀጥቀጡም ያነሰ ነው። ቴስታታችሁ ከተቀበለው እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ግን የራሱን ቆብና መቆለፊያ አብሮ ይፈልጋል፤ ያለ እነሱ እንዳትገዙ። ያገለገለ ሞላ ለስፖርት ካም ጨርሶ አይሁን።

ሞላውን ከመግጠም በፊት መፈተን

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። የሞላ መለኪያ ማሽን ካጣችሁ ኮምቦልቻም ደሴም ትራፓኖ ያለው ብረታ ብረት ቤት አይጠፋም። የሰውነት ክብደት መለኪያ ሚዛን ትራፓኖው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ሚዛኑ ላይ ጠፍጣፋ ብረት፣ ብረቱ ላይ ሞላውን፤ በትራፓኖው መያዣ ላይ አጭር ወፍራም ብረት አስራችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ በእጅ ብቻ ወደ ታች ጫኑት። በካሊፐር 34 ሚሊ ሲደርስ ሚዛኑን አንብቡ፣ ከዚያ 24.5 ላይ። «ጋሼ፣ ትንሽ ያዝልኝ» ብላችሁ የባለቤቱን እጅ ብትጨምሩ ይሻላል፤ አንዱ ይጫናል፣ አንዱ ያነባል። መነጽር አድርጉ። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ዓይን ያጠፋል። ሚዛኑም ክብደቱን የሚችል መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ፤ ድርብ ሞላ ሙሉ ሲጨመቅ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ የሚያንስ ካለ መልሱት። በመካከላቸው ትንሽ ልዩነት ካለ ጠንካሮቹን የተገጠመ ቁመታቸው ረዘም ላለው ቫልቮች አድርጉ፣ ሺምም ትቆጥባላችሁ። ሞላውን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ በስኳድራ ስታዩት ከ2 ሚሊ በላይ ካዘመመ አይሆንም። ሽቦው ላይ ጭረት ካያችሁም ተዉት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ሞላ በሞርሳ ጥርስ አይያዝም፣ በካቻቢቴ አይገፋም።

መግጠም

ሞላዎቹን ማታ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩ። ቴስታታው ከወረደ ነገሩ ቀላል ነው። ካልወረደ ቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ዘዴ ያስፈልጋል፦ ፒስቶኑን ግማሽ አውርዱ፣ በካንዴላ ቀዳዳ ንጹሕ ለስላሳ የናይሎን ገመድ አስገቡ፣ ጫፉ ውጪ ይቅር፣ ከዚያ ክራንክ ሻፍቱን በእጅ አዙራችሁ ገመዱ ቫልቮቹን ወደ ላይ እስኪይዝ አጥብቁ። ሁለቱም ቫልቭ ዝግ የሆነበት ጊዜ መሆኑን አረጋግጡ። መቆለፊያዎቹን በቅባት አጣብቃችሁ ስትገጥሙ አይወድቁም። ከገጠማችሁ በኋላ የቫልቩን ጫፍ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፤ በደንብ ያልገባ መቆለፊያ ካለ ያኔ ይታወቃል።

ካም ሲቀየር የፒስቶንና የቫልቭ ርቀትም ይለካል። ፒስቶኑ አናት ላይ የልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን አድርጋችሁ፣ ቴስታታውን ከነጋርኒሲዮኑ ገጥማችሁ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። የሚያስቸግር ነገር ካገኛችሁ አትግፉ። ከፍታችሁ ቀጭኑን ቦታ በምላጭ ቆርጣችሁ ለኩ፤ በማስገቢያው 2 ሚሊ፣ በማስወጫው 2.5 ሚሊ ይኑር። ጥሩ ሞላ ይህን ርቀት አይጨምርም፣ ቫልቩን በቦታው ይዞ ያቆየዋል እንጂ።

ማስነሳትና መንገድ

ካሙ ጠፍጣፋ ታችኛ ፊት ባለው ፑንቴሪያ ላይ የሚሄድ የድሮ ዓይነት ከሆነና ድርብ ሞላ ካላችሁ፣ ለመጀመሪያው ጊዜ ውስጠኞቹን አውጡና አስነሱት። እንዲህ ያለው ካም እንደተነሳ በሚኒሞ አይቆይም፤ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ላይ 20 ደቂቃ ይሂድ፣ ዚንክ የበዛበት ዘይት ተጠቅማችሁ። ከዚያ ውስጠኞቹ ይመለሳሉ።

ለሌላው ሞተር አዲስ ሞላ በመጀመሪያ ሙቀቱ ትንሽ ይላላል። ሞተሩ የሥራው ሙቀት ላይ እስኪደርስ በመጠነኛ ዙር አሙቁት፣ አጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ያኔ የቫልቩን ክፍተት እንደገና ለኩ።

ፈተናውን ከደሴ ወደታች አትጀምሩ። ከኮምቦልቻ ወደላይ ይሁን፣ ማለዳ፣ መንገዱ ገና ሳይጨናነቅ፤ ወደ ሚሌ የሚሄዱና የሚመጡት ከባድ መኪኖች ከበዙ ሌላ ቀን ይሁን። ዳገት ላይ ዙሩ በእናንተ እግር ነው የሚወጣው፣ ስታነሱ ይወርዳል። በ2ኛ ማርሽ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት፣ በየጊዜው 500 ያህል። አንድ ዙር ላይ ደርሶ በድንገት መሳብ ካቆመ፣ ማርሚታው ከተኮሰ፣ ወይም ድምፁ ከተቀየረ እግራችሁን አንሱ። ደጋግማችሁ ስትሞክሩ ሁልጊዜ እዚያው ዙር ላይ ከሆነና ካንዴላውና ነዳጁ ደህና ከሆኑ ሞላው አልያዘም ማለት ነው። አስገድዳችሁ አትለፉት።

ሞላው ያለ ችግር የያዘበት ከፍተኛ ዙር ከታወቀ በኋላ፣ ከሱ 500 ቀንሳችሁ ዙር መቁጠሪያው መስታወት ላይ በቀይ ቴፕ ምልክት አድርጉ። ቁልቁለት ስትወርዱ የምታዩት እሱን ነው፤ ማርሽ ከመቀነሳችሁ በፊት ፍሬን ነክታችሁ ፍጥነቱን አውርዱ፣ ከዚያ ማርሽ። መኪናውን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ምልክቱ ምን እንደሆነ ንገሩት።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የቴስታታውን ክዳን ክፈቱ። ክፍተቶቹን ለኩ፣ የጉብታዎቹን ጫፍ በጣት ዳሱ፣ ዘይቱን ስትቀይሩ በፊልትሮው ውስጥ የብረት ብናኝ ካለ እዩ። አንዱ ቫልቭ ክፍተቱ ከሌሎቹ በተለየ ከሰፋ ጉብታው እየተበላ ነው፤ ከጠበበ ደግሞ ቫልቩ እየሰመጠ ነው፣ የተገጠመ ቁመቱም ተቀይሯል፣ ሺሙ እንደገና ይሰላል።